የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን በወረዳና በከተማ ደረጃ ማስተባበር፦ ከሙያ መረጣ እስከ ሥራ ቅጥር

በአንድ ከተማ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፤ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ፤ ጋራዦችና የብረታ ብረት ወርክሾፖች አሉ፤ የሙያ ብቃት ምዘና የሚሰጠው ማዕከልም በዚያው ወይም በአቅራቢያው ከተማ ይገኛል። ሁሉም የየራሳቸው ዕቅድ አላቸው፤ ሰኔ ሲመጣም ሁሉም ዕቅዳቸውን እንደፈጸሙ ሪፖርት ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ በብየዳ የሠለጠነች ወጣት ምዘና ሳትወስድ ለወራት ልትቆይ፣ ምዘናውን ያለፈው ጓደኛዋም በያጅ አጣን የሚሉ ወርክሾፖች በሞሉበት ከተማ ሥራ ፈትቶ ሊቀመጥ ይችላል። ችግሩ ያለው በአንዱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚደረገው ርክክብ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ያንን ርክክብ የማስተካከል ኃላፊነት ለተሰጣቸው ሰዎች፣ ማለትም ለወረዳና ለከተማ የሥራና ክህሎት ባለሙያዎች፣ ለኮሌጅ ዲኖችና ምክትል ዲኖች እንዲሁም ለከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች ነው።

የሕግ መሠረቱ አለ። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954/2008 ዘርፉን የሚመራ ሕግ ሲሆን፣ የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን አቋቁሟል። በዚህ አደረጃጀት ሥልጠና፣ የሥራ ዕድል ፈጠራና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር ገብተዋል፤ ክልሎችም በየራሳቸው ቢሮዎች ተመሳሳይ አደረጃጀት ዘርግተዋል። ቀድሞ ሥልጠናው በአንድ ወገን፣ ቅጥሩ በሌላ ወገን በነበረበት ጊዜ ይጻፍ የነበረው ደብዳቤ ብዛት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ንግድና ኢንዱስትሪው፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሠሪው ራሱ ዛሬም ከዚያ ጣሪያ ውጭ ናቸው። ስለዚህ የማስተባበር ሥራው አላለቀም።

በአንድ ሙያ ይጀምሩ

አዲስ አስተባባሪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ኮሌጁ የሚያሠለጥንባቸውን ሙያዎች ሁሉ በአንድ ዓመት ለማስተካከል መነሣት ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ይህንኑ አድርጌ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ በእጄ የቀረው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሙያ፣ ብረታ ብረት ሥራን፣ ብቻ ያዝንና የአንድን ሠልጣኝ መንገድ ከምዝገባ እስከ ቅጥር በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፍን። ማን ይመዘግባል? የሥልጠና ጥሬ ዕቃውን ማን ይገዛል? ወደ ድርጅት የሚልከው ማን ነው? በድርጅቱ ውስጥ ማን ይረከባል? ለምዘና ማን ይጠይቃል? ከምዘና በኋላ ስሙን ለአሠሪ ማን ያስተላልፋል? በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት የመሥሪያ ቤት ስም ሳይሆን የአንድ ሰው ስም፣ የሚያስረክበው ሰነድና የሚያስረክብበት ቀን እንዲጻፍ አደረግን። ስም መጻፍ ያልቻልንባቸው ቦታዎች ሠልጣኞቻችን የሚጠፉባቸው ቦታዎች ሆነው ተገኙ።

ለመጀመሪያው ዓመት የሚመረጠው ሙያ በከተማው ውስጥ ቢያንስ ጥቂት አሠሪዎች ያሉትና ኮሌጁም መሣሪያና አሠልጣኝ ያለው ሊሆን ይገባል። የኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካ ባለበት እንደ ኮምቦልቻ ወይም ሐዋሳ ባለ ከተማ የልብስ ስፌት ወይም የማሽን ጥገና ሊሆን ይችላል። አብዛኛው አሠሪ ከአምስት ሰው በታች በሚያሠራበት አነስተኛ ከተማ ደግሞ የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራ፣ የመኪና ጥገና ወይም የምግብ ዝግጅት ይሻላል። ጎላ ያለ ስም ስላለው ብቻ አሠሪ የሌለውን ሙያ መምረጥ ሠልጣኙን ወደ ባዶ ገበያ መላክ ነው።

አሠሪውን በሥራ ቦታው ያነጋግሩ

የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ በአብዛኛው በመጠይቅ ይሠራል፤ ለአሠሪው «በሚቀጥለው ዓመት ስንት ሠራተኛ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ይህ ጥያቄ ጠቃሚ መልስ አያመጣም። አሠሪው መንግሥት ሰው ሊመድብብኝ ነው ብሎ ከሠጋ ቁጥሩን ያሳንሰዋል፤ መሬት ወይም ብድር ይሰጠኝ ይሆናል ብሎ ካሰበ ደግሞ ያበዛዋል። ይልቁንም ወደ ወርክሾፑ ራስዎ ሄደው ባለፉት ሦስት ወራት ሰው ስለሌለው የመለሰውን ሥራ ይጠይቁ። ቆሞ የሚውል ማሽን ካለ እንዲያሳይዎት፣ በቅርብ የለቀቀበት ሠራተኛ ምን ይሠራ እንደነበርና ወዴት እንደሄደ እንዲነግርዎት ያድርጉ። በእኛ ከተማ በዚህ መንገድ የተገኘው መልስ ከመጠይቁ ፍጹም የተለየ ነበር። አሠሪዎቹ በኤሌክትሮድ የሚበይድ ሰው አያጡም፤ የጎደላቸው ንድፍ አንብቦ ቱቦላሬውንና ላሜራውን ሳያባክን የሚቆርጥና የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚገጥም ሰው ነበር። «በያጅ ይፈለጋል» በሚል አንድ መስመር ውስጥ ይህ ሁሉ ተደብቆ ይቀራል።

ወደ አሠሪው ሲሄዱ የሙያ ደረጃውን ሰነድ፣ ማለትም በሙያው ብቁ የሚባል ሰው ሊችላቸው የሚገቡ ሥራዎች የተዘረዘሩበትን ሰነድ፣ አትመው ይያዙ። ደረጃው በአገር አቀፍ የወጣ ስለሆነ ወረዳ ሊለውጠው አይችልም፤ ነገር ግን በውስጡ ካሉት የብቃት አሃዶች (ሙያው የተከፋፈለባቸው የሥራ ክፍሎች) የትኞቹ በድርጅቱ ውስጥ በየቀኑ እንደሚሠሩ፣ የትኞቹ ፈጽሞ እንደማይሠሩ አሠሪው ምልክት ሊያደርግ ይችላል። ይህ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ሦስት ጊዜ ያገለግላል። በመጀመሪያ ኮሌጁ የትኛውን አሃድ በራሱ ወርክሾፕ፣ የትኛውን በድርጅት እንደሚያሠለጥን ለመወሰን ይጠቅመዋል። ቀጥሎ በደረጃው ውስጥ የሌለ ነገር ከተፈለገ አጭር ተጨማሪ ሥልጠና ለማዘጋጀት ምክንያት ይሆናል። በመጨረሻም ደረጃው በሚከለስበት ጊዜ ለክልሉ ቢሮ የሚላክ በቂ ማስረጃ ይሆናል። አሠሪዎች በደረጃ ዝግጅት ላይ ይሳተፉ የሚለው መርሕ ትክክል ነው፤ ይሁንና አዲስ አበባ ለስብሰባ መሄድ የማይችለው ባለ ሦስት ሠራተኛ ወርክሾፕ ድምፁ የሚሰማው በዚህ ወረቀት በኩል ብቻ ነው።

ሦስቱን የጊዜ ሰሌዳዎች ያጋጥሙ

ከማስተባበር ሥራ ሁሉ ከባዱና ከፍተኛ ውጤት የሚያመጣው የጊዜ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። መሥሪያ ቤቶቹ አለመግባባት ያለባቸው ይመስላቸዋል፤ በእውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለያዩት በቀን መቁጠሪያቸው ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ሥልጠናው የሚጀምረው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። አሠሪው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ወቅት አለው። ግንባታ በክረምት ይቀዘቅዝና ከጥቅምት በኋላ ይጧጧፋል። ልብስ ሰፊው ከአዲስ ዓመት፣ ከፋሲካና ከዒድ በፊት ባሉት ሳምንታት ቀና ብሎ የሚያይበት ጊዜ የለውም። የጎንደር ሆቴሎች ለጥምቀት፣ የላሊበላ ሆቴሎች ለገና እንግዳ ይጨናነቃሉ። የእህል ወፍጮና የዘይት መጭመቂያ ሥራ አዝመራ ሲገባ ይበረታል። ሠልጣኝን ለልምምድ ሥራ በሌለበት ወቅት ከላኩት መጥረጊያ ይዞ ይመለሳል፤ ሥራ በተፋፋመበት ሳምንት አዲስ ሆኖ ከገባ ደግሞ የሚያስተምረው ሰው አያገኝም። የተሻለው መንገድ ሥራው ከመብዛቱ ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በፊት አስገብቶ መሣሪያውንና የቤቱን አሠራር እንዲለምድ ማድረግ፣ ሥራው ሲበዛም እጁ እንዲገባበት መፍቀድ ነው።

ግዥውን በተመለከተ ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ። ብየዳ ሠልጣኞች ኤሌክትሮድና ላሜራ የሚያስፈልጋቸው በኅዳር ከሆነ፣ የግዥ ሂደቱ ጨረታና ውልን ጨምሮ የሚወስደውን ጊዜ ባለፈው ዓመት ከነበረው ልምድ ይቁጠሩና ዝርዝር መግለጫው መቼ መጠናቀቅ እንዳለበት ያውቃሉ። በብዙ ቦታ የበጀት ጥያቄ የሚዘጋጀው ከየካቲት ጀምሮ ስለሆነ፣ የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳው ከዚያ በፊት ካላለቀ በጀቱ የሚሠራው ባለፈው ዓመት ቁጥር ላይ ይሆናል። ዳሰሳውን በግንቦት የሚሠራ ጽሕፈት ቤት ጥሩ ሰነድ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ገንዘብ ግን አይከተለውም። የግዥ ባለሙያውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከመሥሪያ ቤቶቹ በተውጣጣው አስተባባሪ ቡድን ውስጥ ማስገባት ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። እርሱን ያልጠራ ቡድን ዕቃው በሚያዝያ ሲገባ ሊያዝን አይገባውም።

የምዘናውን ቀን ደግሞ ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ሲጀመር ይጠይቁ። የብቃት ምዘና ማዕከሉ መዛኞችን ከኢንዱስትሪው ይጠራል፤ የምዘና ጣቢያውም የሚፈለገውን ማሽን ማሟላቱ ቀድሞ መረጋገጥ አለበት። እኔ በማውቀው አንድ ከተማ ሥልጠናቸውን በሰኔ የጨረሱ ወጣቶች የመዛኝና የጣቢያ ጉዳይ ሳይያዝ በመቅረቱ እስከ ታኅሣሥ ጠብቀዋል። በእነዚያ ስድስት ወራት ግማሾቹ በሌላ ሥራ ተሠማርተው፣ አንዳንዶቹም ከተማውን ለቀው ሄደዋል፤ ከቀሩት መካከልም እጃቸው ከመሣሪያ በመራቁ ያልተሳካላቸው ነበሩ። የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ ያልተጻፈ ደብዳቤ ሲባክን ማየት ልብ ይሰብራል።

የትብብር ሥልጠና ውል

በአገራችን ሥርዓት ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው በተቋሙ እንዲሆን ሲነገር ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የትብብር ሥልጠና የሚባለውም ይህ ነው። ሐሳቡ ከጀርመን የሥልጠና ልምድ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ግን ሊዘነጋ አይገባም። በጀርመን ወጣቱ በመጀመሪያ ከድርጅቱ ጋር ውል ይገባል፤ ድርጅቱም ወርኃዊ ክፍያ እየከፈለው ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ይልከዋል። በእኛ ዘንድ ኮሌጁ ይቀበለዋል፤ ከዚያም ድርጅት ይፈለግለታል። ስለዚህ ድርጅቱ ሠልጣኙን እንደ ራሱ ሰው ሳይሆን እንደ እንግዳ ይቀበላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው በኮሌጁ፣ በድርጅቱና በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ መካከል የሚፈረም የሦስትዮሽ ውል ነው።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም፤ የሚከተሉትን ነገሮች ግን በግልጽ መያዝ አለበት። ሠልጣኙ የሚሠለጥንባቸው የብቃት አሃዶች በስማቸው ይዘርዘሩ። በድርጅቱ ውስጥ የሚያሠለጥነው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ የድርጅቱ ባለቤት መሆን የለበትም፣ ብዙ ጊዜም ባይሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ገበያ ላይ ይውላል። የመከላከያ መነጽር፣ ጓንትና የደህንነት ጫማ ማን እንደሚያቀርብ፣ ጉዳት ቢደርስ የሕክምና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ሳይጻፍ አንድም ሠልጣኝ ወደ ወርክሾፕ አይላክ። የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ ጉዳይም ይነሣ፤ ከሥልጠና የሚያቋርጡ ወጣቶች ብዙዎቹ ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን የታክሲ ገንዘብ አጥተው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑት ወጣት ሠራተኞች በአደገኛ ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ ጥበቃ ተደርጎላቸዋል። የሠልጣኞችዎን ዕድሜ ከምደባው በፊት ያጣሩ። ሴት ሠልጣኞች በሚመደቡበት ድርጅት መጸዳጃ ቤቱን፣ የሥራ ሰዓቱንና የመውጫ መንገዱን አስተባባሪው ራሱ ሄዶ ይይ፤ ቅሬታ ሲኖርም የሚደውሉላት ሴት ባለሙያ ትመደብ።

አነስተኛ ወርክሾፕ በአንድ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሠልጣኝ በላይ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ሠልጣኞችን በቡድን ከፍሎ በሦስት ወይም በአራት ድርጅቶች ማዘዋወር ይሻላል፤ አንዱ ዘንድ በር ሲሠሩ፣ ሌላው ዘንድ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ፣ ሌላው ዘንድ ጥገና ያያሉ። ሠልጣኙ በየቀኑ የሠራውን የሚጽፍበትና የድርጅቱ አሠልጣኝ በየሳምንቱ የሚፈርምበት መዝገብ ይኑረው። የኮሌጁ አሠልጣኝ በየሁለት ሳምንቱ ሲጎበኝ መዝገቡን አገላብጦ «ቡና ማፍላትና መጥረግ» ብቻ የተጻፈበት ሳምንት ካገኘ፣ ከባለቤቱ ጋር በዚያው ዕለት ይነጋገር። ጉብኝቱ ለፊርማ ብቻ ከሆነ አይጠቅምም።

አሠሪው በምላሹ ምን ያገኛል? ይህን ጥያቄ መመለስ የማይችል አስተባባሪ በሁለተኛው ዓመት የሚቀበለው ድርጅት አያገኝም። ኮሌጆች ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው፤ ይህም የቴክኒክ ክህሎት ድጋፍን፣ የካይዘን (ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል) አሠራርን፣ የሥራ ፈጠራ ሥልጠናንና የቴክኖሎጂ ሽግግርን ያካትታል። በብዙ ቦታ ይህ አገልግሎትና የትብብር ሥልጠናው በሁለት የተለያዩ የኮሌጁ ክፍሎች ይመራሉ፤ አንዱ ድርጅት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ የኮሌጅ ባለሙያዎች ይመጡበታል። ሁለቱን ሥራ ለአንድ አሠልጣኝ ይስጡ። ሠልጣኙን ሊያይ የሄደው አሠልጣኝ የመፍጫ ማሽኑ የተበላሸበትን ባለቤት ቢረዳ፣ የዕቃ ማስቀመጫውን ቢያስተካክልለት፣ ከሰዓት በኋላ የማይሠራበትን የኮሌጁን ማሽን በስምምነት ቢያስጠቅመው፣ ባለቤቱ ለሚቀጥለው ሠልጣኝ በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል።

የምዘናው ነጻነትና ሌሎች ምዘና ፈላጊዎች

አስተባባሪ ሁሉንም ሊያቀራርብ ይገባል፤ አሠልጣኝንና መዛኝን ግን ማቀራረብ የለበትም። የብቃት ማረጋገጫ ወረቀቱ ለአሠሪው ዋጋ የሚኖረው ያሠለጠነው ሰው ስላልመዘነ ነው። ዲኑ መዛኝ እንዲመርጥ ወይም ኮሌጁ ውጤቱ ይሻሻል ብሎ እንዲደራደር አይፍቀዱ። ውጤቱ ዝቅ ካለ የሚነበበው እንደ ኮሌጁ ውርደት ሳይሆን እንደ መረጃ ነው፤ ሠልጣኞች በአንድ የብቃት አሃድ በብዛት ከወደቁ ወይ አሠልጣኙ፣ ወይ መሣሪያው፣ ወይ የትብብር ሥልጠናው በዚያ አሃድ ላይ ጎድሏል። «ገና ብቁ አይደለህም» የተባለው ወጣት ድጋሚ የሚመዘንበት ቀን በዚያው ሳምንት ይነገረው።

ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ የሚሄድ ሠራተኛ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ያዝዛል፤ በዚህም ምክንያት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ውስጥ ሥራ የሚሄዱ ብዙ ወጣት ሴቶች በአጭር ጊዜ ሠልጥነው ለምዘና ይመጣሉ። የእነዚህንና የኮሌጅ ሠልጣኞችን የምዘና ወረፋ ካልለዩ አንዱ ሌላውን ያዘገያል። ለእነዚህ ወጣቶች ደግሞ ሥልጠናው ስለ ቤት ዕቃ አጠቃቀም ብቻ ሳይሆን ስለ ውላቸው፣ ስለ መብታቸውና ችግር ሲገጥማቸው ስለሚደውሉበት ቦታ እንዲሆን አጥብቀው ይጠይቁ።

ስብሰባው

ቡድኑን የሚሰበስበው ለሁሉም መሥሪያ ቤቶች ትእዛዝ መስጠት የሚችል ሰው፣ ማለትም የከተማው ወይም የወረዳው አስተዳዳሪ ወይም ምክትሉ ቢሆን ይመረጣል፤ ጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤትን ሲሰበስብ እኩዮች ይከራከራሉ እንጂ ውሳኔ አይገኝም። ስብሰባው በወር አንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይጠናቀቅ። ቃለ ጉባኤው አንድ ገጽ ሆኖ ሥራውን፣ ባለቤቱንና ቀኑን ብቻ ይያዝ፤ ቀጣዩ ስብሰባም ያንኑ ገጽ በማንበብ ይጀመር። አሠሪዎችን ግማሽ ቀን በሚፈጅ መድረክ አያስቀምጧቸው። እኛ በየሩብ ዓመቱ አንዱን ስብሰባ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ቆመን እናደርገው ነበር፤ የመጡት አሠሪዎች በአዳራሽ ከሚመጡት በልጠው ነበር፤ ንግግራቸውም ስለ ሥራው ነበር። ኃላፊዎች በየጊዜው ስለሚቀያየሩ ውሎቹ፣ ምልክት የተደረገባቸው የሙያ ደረጃዎችና የአንድ ገጹ ቃለ ጉባኤዎች በአንድ ፋይል ይቀመጡ፤ ርክክብ ሲደረግም ፋይሉ ከመኪናው ቁልፍ እኩል በፊርማ ይተላለፍ።

አንድ ቁጥር

በመጨረሻ የሚቀረው ሪፖርቱ ነው። ኮሌጁ ያስመረቀውን ይቆጥራል፤ ምዘና ማዕከሉ የመዘነውን ይቆጥራል፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ወጣቶቹ ተደራጅተው ንግድ ፈቃድ ባወጡበት ቀን «የሥራ ዕድል ተፈጠረላቸው» ብሎ ይመዘግባል። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ሆነው ሳለ አንዳቸውም ወጣቱ በሙያው እንጀራ መብላቱን አይናገሩም። በቡድኑ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ይስማሙ፦ ምዘናውን ካለፉት መካከል ከስድስት ወር በኋላ በሠለጠኑበት ሙያ የሚሠሩት ስንት ናቸው፤ ቋሚና ጊዜያዊ ሥራም ተለይቶ ይያዝ። ይህን ለማወቅ ሠልጣኙ ሲመዘገብ የራሱንና የአንድ ቤተሰቡን ስልክ ይውሰዱ፤ ወጣቶች ሲም ካርድ ይቀያይራሉ፣ እናት ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሯን አትለውጥም። መረጃው ወደ ሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓቱ ይግባ፤ የስም ዝርዝሩም በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ።

ስልክ ሲደውሉ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አሁን ምን እየሠራህ ነው? በሥልጠናው ያልተማርከው ነገር ግን በሥራ ቦታ የተጠየቅከው ምንድን ነው? አሠሪህ ሌላ ሰው ይፈልጋል? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ በርካታ ሠልጣኞች ተመሳሳይ መልስ ከሰጡ፣ መልሱን ጽፈው ምልክት ከተደረገበት የሙያ ደረጃ ጋር ያያይዙትና የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥያቄ ከመዘጋጀቱ በፊት፣ ማለትም ጥር ሳያልቅ፣ በዲኑና በግዥ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት።